አጥር ላይ የተቀመጠው ልጅ

«ይሄ ልጅ ግን ከዚያ አጥር ላይ መቼ ነው የሚወርደው?»

ሮይስ የተናገረው በሹክሹክታ መስሎት ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በወረቀት ፋብሪካ ማሽኖች መሃል ሲጮህ የኖረ ሰው ሹክሹክታ ግን እስከ አዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ድረስ ተሰማ። ከፊቱ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከግራ በኩል አንድ ሰው «እሽሽ!» አለ።

ከኋላ፣ ፕሮጀክተሩ አጠገብ የቆመችው ልጁ ታምሲን አልሳቀችም።

ፊልሙን የመረጠችው እሷ ናት። የዋይንያርድ ከተማ ፊልም ማኅበር በወር አንድ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ፣ በአሮጌው አዳራሽ ይሰበሰባል። ከአባላቱ መካከል ፀጉሯ ያልሸበተው እሷ ብቻ ስለሆነች የዚህን ወር ፊልም እንድትመርጥ ዕድሉን ሰጧት። እሷም ሳምንቱን ሙሉ ስታስብበት ከርማ፣ ዛሬ ከመብራቱ መጥፋት በፊት ፊት ለፊት ወጥታ፣ ጆሮዋ እስኪቀላ አፍራ፣ «ቀስ ያለ ፊልም ነው፤ እባካችሁ ታገሱት» ብላ ተቀመጠች። ሮይስ ያን ሲሰማ ኮርቶ ነበር። ኩራቱ የቆየው ግን ፊልሙ እስኪጀመር ነው።

ፊልሙ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ የትም ስላልሄደ አንድ ልጅ ነበር። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። እሱ የስንዴ ማሳ ዳር አጥር ላይ ይቀመጣል። የአባቱን መኪና ይዞ ነዳጅ ማደያ ድረስ ይሄድና ምንም ሳይገዛ ይመለሳል። ማንም በሌለበት የሕዝብ መዋኛ ውስጥ በጀርባው ይንሳፈፋል። ሙዚቃ የለ፣ ጠብ የለ፣ ፍቅር የለ፤ ነፋስና የዝንብ ድምፅ ብቻ። ሮይስ ሰዓቱን አየ። አሁን የማዘጋጃ ቤት ሳር አጫጅ ነው፤ ነገ የሚያጭደውን የእግር ኳስ ሜዳ አሰበ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ያዘዘለት የማጨጃ ስለት መጥቶ ይሆን እንዴ ብሎ አሰበ። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ከግድግዳው ሥር ያለው ማሞቂያ እግሩን ያሞቀዋል። ልጁ አሁንም አጥሩ ላይ ነው።

ሲነቃ መብራት በርቶ ሰው እያጨበጨበ ነበር። እሱም ቶሎ ብሎ አጨበጨበ።

ወንበሮቹ በክብ ተደረደሩ። ሻይና ኬክ ዞረ። ማኅበሩን የሚመሩት ወይዘሮ ኦድሪ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹን አስተምረዋል። ሮይስንም አስተምረውታል፤ አሁንም ሲያዩት የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ የሚያዩ ይመስላሉ።

መጀመሪያ አንድ ላም አርቢ ተናገረ። «እኔ ወድጄዋለሁ» አለ። «ላሞቼን ነው ያስታወሰኝ። እነሱም እንደዚያ ቆመው ያያሉ። ምን እንደሚያዩ አላውቅም፤ ግን እኔም አብሬያቸው ቆሜ አያለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ታምሲንም ሳቀች፤ ትከሻዋ ላላ።

«አንተስ ሮይስ?» አሉ ወይዘሮ ኦድሪ። «በመሃል ድምፅህን ሰምተናል።»

«እኔማ ምን እላለሁ፣ ወይዘሮ ኦድሪ» አለ የሻይ ኩባያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። «ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ሰው ተነስቶ አንድ ነገር ያደርጋል ብዬ። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔ ትምህርት የጨረስኩት በአስራ ስድስት ዓመቴ፣ አርብ ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት ፋብሪካ ገባሁ። እኔ የባዘንኩት ቅዳሜና እሁድን ብቻ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ደስ አለው፤ ደስ ያለው ሰው ደግሞ ማቆም አይችልም።

«ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። የዚህ ልጅ አባት የት ነው ያለው? አንድ ጎረምሳ እንደዚያ ሲሆን አባት የሚባል ሰው በፊልሙ ውስጥ የለም?»

ማንም አልሳቀም። ላም አርቢው ወደ ጫማው አየ። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«አባትየውማ ነበር፣ ሮይስ» አሉ ወይዘሮ ኦድሪ ለስለስ ባለ ድምፅ።

«ተኝተህ ነበር» አለች ታምሲን።

ሮይስ ፊቱ ሲግል ተሰማው። ያኔ ስቆ «ይቅርታ፣ እንቅልፍ ጣለኝ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እሱ ግን እንዲህ አለ፦

«ብተኛስ! ምን አመለጠኝ? እናንተ ልጆች ይሄን እያያችሁ ነው ቤት ተጎልቶ መዋል ትልቅ ጥበብ የሚመስላችሁ።»

«እናንተ ልጆች» ቢልም አዳራሹ ውስጥ የነበረችው ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች። ትምህርት ከጨረሰች ዓመት እንዳለፋት፣ ሆባርት ዩኒቨርሲቲ ለነርስነት ያገኘችውን ቦታ ለአንድ ዓመት እንዳስተላለፈችው፣ ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ጠዋት ዳቦ ቤት ከመሥራት በቀር ምንም እንደማታደርግ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ታምሲን ተነሳች። ባዶ ኩባያዎቹን ከሰው እጅ እየተቀበለች ሰበሰበች። የአባቷን ኩባያ ሳትወስድ አልፋው ወደ ወጥ ቤቱ ገባች።

*

«በእግሬ እሄዳለሁ» አለችው አዳራሹ በር ላይ።

«በዚህ ዝናብ? ነይ ግቢ፣ አታስቂኝ።»

ገባች፤ የፒክአፑን በር ግን በኃይል ነበር የዘጋችው። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ዝናቡን በጎን እያመጣ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል። ሮይስ መኪናውን አስነስቶ ወደ ቤት ነዳ።

«ሰው እኮ ስቋል» አለ ሮይስ።

«በማን ላይ?»

ወሬ ለመቀየር ብሎ ይባስ ወደሚከፋው ሄደ።

«አጎትሽ ዳሪል ዛሬ ማታ ይደውላል። ድንች ፋብሪካው ሰው እየቀጠረ ነው፤ ቦታ ይዞልሻል። ትምህርቱ እስኪጀመር ብቻ ነው። ጥሩ ይከፍላሉ፤ ለሆባርት የቤት ኪራይ ትይዢያለሽ። እሺ እንደምትዪ ነግሬዋለሁ።»

«እሺ እንደምል?»

«ምን ትያለሽ ታዲያ?»

ታምሲን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር። «ሆባርት አልሄድም አባዬ» አለች።

«ምን?»

«አርብ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡት ብያቸዋለሁ።»

ሮይስ ወንዙ ከባሕር ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ የዓሣ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ዳር፣ መኪናውን አስጠግቶ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ዝናብ መጥረጊያው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ማንም አያውቅም። የመጀመሪያው አንተ ነህ።»

«ከዚያስ? ምን ልትሆኚ ነው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም መልስ አይደለም፣ ታምሲን።»

«እኔ ያለኝ እሱ ነው። ሌላ ብሰጥህ ውሸት ይሆናል።»

መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጀልባዎቹ አፈጠጠ። መጮህ ፈለገ፤ ግን ድምፁ ሲወጣ የደከመ ድምፅ ነበር። «ያ ፊልም ነው ያሳሳተሽ።»

«ፊልሙን ያየሁት ባለፈው ወር ነው። ነርስ መሆን እንደማልፈልግ ያወቅኩት ግን አምና ነው። እማዬ መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋውያን ስለምትጦር፣ ሁሉም ሰው ‹ጥሩ ሥራ ነው› ስላለኝ፣ ቅጹ ላይም አንድ ነገር መጻፍ ስለነበረብኝ ነው የመረጥኩት። ደም ሳይ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ ሳይወድ። የዓሣ ሆድ ሲቀደድ እንኳ ፊቷን የምታዞር ልጅ ናት። «ታዲያ ይሄን ፊልም ለምን መረጥሽው? ሰው ፊት እኔን ለማቃጠል?»

«ለአንተ ብዬ ነው የመረጥኩት።»

«ለእኔ!»

«አባትየው የሚመጣበትን ቦታ እንድታየው።»

ሮይስ መጠየቁ እየከበደው፣ «ምን አደረገ አባትየው?» አላት።

«ከሥራ ሲመለስ ልጁ አጥሩ ላይ ነው። ልብሱን ሳይቀይር መጣና እሱም አጥሩ ላይ ወጣ። ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲወጣ ታየዋለህ። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹ሳሩ መታጨድ አለበት› አለ። ልጁ ‹አዎ› አለ።»

«ከዚያስ?»

«በቃ።»

«በቃ?»

«አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ሳሩን ያያሉ።»

«አምስት ደቂቃ!» አለ ሮይስ። «እኔ እኮ ሳር አጫጅ ነኝ! በአምስት ደቂቃ ግማሹን ጨርሼ ነዳጅ እሞላ ነበር!»

ሳቋ አመለጣት። አፏን በእጅጌዋ ሸፈነች፤ ግን አልቻለችም። እሱም ሳቀ። ለትንሽ ጊዜ መኪናው ውስጥ ያለው አየር ቀለል አለ። ከዚያ ታምሲን ዓይኗን እየጠረገች እንዲህ አለች፦

«አጥሩ ላይ ያለው ልጅ አንተን ነው የሚመስለው። በቆርቆሮ ቤቱ ጊዜ።»

የሮይስ ሳቅ ቆመ።

የቆርቆሮ ቤቱ ነገር በእነሱ ቤት አይነሳም። ፋብሪካው የተዘጋ ዓመት ሮይስ አርባ አምስት ዓመቱ ነበር። በነጋታው ጠዋት እንደ ወትሮው ተነስቶ ቱታውን ለበሰ፤ የምሳ ዕቃውን ይዞ በጓሮ በር ወጣ፤ ጓሮው ጥግ ያለው መሣሪያ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማታ ወጣ። በነጋታውም እንደዚያው። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ እንደዚያ ሆነ። በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ሲያገኝ፣ ያን ጊዜ አስመልክቶ ለሰው የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ትንሽ ዐረፍኩና ተነሳሁ።» ታምሲን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ታስታውሳለች ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ከትምህርት ቤት ስመለስ እመጣ ነበር» አለች። «የተደፋ ባልዲ ላይ ታስቀምጠኝ ነበር። ብሎን ከብሎን፣ ዳዶ ከዳዶ፣ ትንሹን ከትንሽ፣ ትልቁን ከትልቅ እንለይ ነበር። በየጣሳው ውስጥ። አንተ አትናገርም፤ እኔም አልናገርም። በማግስቱ ስመጣ ሁሉም እንደገና ተደባልቆ አገኘዋለሁ፤ እንደገና እንለያለን። ከአንተ ጋር ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ የምወደው ያ ነው። ፊልሙን ሳይ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ‹አባትየው እኔ ነኝ› አልኩ። አጥሩ ላይ ወጥቼ አጠገብህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

አንድ የባሕር ወፍ የጀልባ ምሰሶ ላይ አርፎ በነፋሱ ተገፍቶ በረረ።

«ብሎኖቹን ማን ይደባልቃቸው እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለ ሮይስ።

«አይ። ልጅ ነበርኩ፤ አልጠየቅኩም።»

«እኔ ነበርኩ። ከመውጣቴ በፊት ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ እደፋቸዋለሁ። ነገ የምሠራው እንዲኖረኝ።»

ታምሲን ወደ እሱ ዞረች።

«አንቺ ጨዋታ መስሎሽ ነበር። ጨዋታ መስሎሽ ከሆነ ደስ ይለኛል። እኔ ግን እዚያ ውስጥ እያረፍኩ አልነበረም። እየጠፋሁ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መኪናውን ይዤ ቴብል ኬፕ ወጣሁ፤ ገደሉ ጫፍ ድረስ። እዚያ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴም አልነገርኩትም። ዝም ብዬ ባሕሩን አየሁ፤ ያ ልጅ ስንዴውን እንደሚያየው። ከዚያ ሰዓቴን ሳይ ከትምህርት ቤት የምትመለሺበት ደርሷል። እናትሽ ሥራ ላይ ናት፤ ቤት የሚጠብቅሽ ሌላ ሰው የለም። ተነስቼ መጣሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ያ ብቻ ነው።»

«አባዬ...»

«ቆይ። ፊልሙን የጠላሁት አንድም ነገር ስለማይሆንበት መስሎሽ ይሆናል። እሱም አለ። ግን ደግሞ ያምራል። ስንዴው ያምራል፣ ፀሐዩ ያምራል። የእኔ አያምርም ነበር። ማንም በሚያምር ብርሃን አልቀረጸኝም። መቀመጥ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ አንቺ ስትቀመጪ ሳይ እንዴት እንደምሆን ግን አታውቂም።»

ዝናቡ ቀነስ ብሎ ነበር። ታምሲን እጇን የእሱ እጅ ላይ ልታደርግ አሰበችና አላደረገችም፤ እሱ እንደዚያ ሲደረግ እንደሚያፍር ታውቃለች። የወንበሩን የተቀደደ ጠርዝ በጣቷ እየነካካች ቆየች።

«ይሄን አላውቅም ነበር» አለች።

«እንዳታውቂ ነው የፈለግኩት።»

«እኔም እፈራለሁ እኮ። ዝም ብዬ የምዝናና አይምሰልህ። ከዳቦ ቤት ወጥቼ ያንን ረጅም ከሰዓት በኋላ ሳየው፣ እየለመድኩት ቢሆንስ እላለሁ። ጓደኞቼ ከሆባርት፣ ከሜልበርን ፎቶ ይልካሉ። አንዳንዴ ሳልከፍተው አጠፋዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነሺም?»

«ወዴት?»

እዚህ ላይ ሮይስ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ወደ ድንች ፋብሪካ ሊል ነበር።

«አጎቴ ዳሪል ያኔም መጥቶ ነበር» አለች ታምሲን።

«መቼ?»

«ያኔ። አንተ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እያለህ። እኔ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ሥዕል እስል ነበር። ‹ፋብሪካችን ውስጥ ቦታ አግኝቼለታለሁ፤ አሁን ገብቼ ጎትቼ ነው የማወጣው› አለ። እማዬ የጓሮ በሩ ላይ ቆመች። እግሯ ብቻ ነው የሚታየኝ። ‹ተወው፣ ራሱ ይወጣል› አለችው። ‹አንተ ከጎተትከው ዕድሜ ልኩን እንደተጎተተ ነው የሚኖረው› አለችው። አጎቴ ተቆጥቶ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።»

ሮይስ ይህን አያውቅም ነበር። አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዱ የያዛት ትንሽ ቂም ነበረችው፦ የሚስቴ ወንድም ድንች ፋብሪካው ውስጥ አለቃ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ስወድቅ አንድ ቀን እንኳ ‹ና› አላለኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ብቻዬን ወደቅኩ፣ ብቻዬን ተነሳሁ። በዚህ ነበር የሚኮራው። አሁን ግን በዚያ በዝምታው ወራት በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞለት እንደነበር ሰማ። ሚስቱ ግሌንዳ ቀን አረጋውያኑን አንሥታ፣ አጥባ፣ አብልታ ትመጣና፣ የሁለት ሰው ሸክም ብቻዋን ተሸክማ፣ ማንም እንዳይነካው ትጠብቀው ነበር። አንድም ቀን አልነገረችውም።

ሞተሩን አስነሳ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ የነበረው መጥረጊያ መንገዱን ጨረሰ።

«ፊልሙ ግን አሁንም መጥፎ ነው» አለ ወደ ኋላ እያየ መኪናውን ሲያወጣ።

«ግማሹን አላየኸውም።»

«ያየሁት ግማሽ ይበቃኛል።»

«ጥሩው ግማሽ ያኛው ነው።»

«አንቺ እንደዚያ በይ።»

መንገድ ላይ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዙ። እሱ ኮምጣጤ ይብዛ አለ፤ እሷ አይብዛ አለች፤ ለየብቻ አስጠቀለሉ።

*

ግሌንዳ የመጦሪያ ቤቱን ሰማያዊ ሸሚዝ ሳትቀይር፣ ጫማዋን ብቻ አውልቃ፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግታ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሲፈታ እግሯን አወረደች።

«ፊልሙ እንዴት ነበር?»

«አባዬ ተኛ።»

«ገምቻለሁ» አለች ግሌንዳ። «አንኮራፋ?»

«መጨረሻ ላይ ንግግርም አደረገ።»

ግሌንዳ ባሏን አየችው። ሮይስ ዓሣውን እየቆረሰ ቀና አላለም። በዚያ ቅጽበት ሊጠይቃት ነበር። ያኔ ዳሪልን የመለስሽው አንቺ ነሽ ወይ፣ ለምን አልነገርሽኝም ሊላት ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያበጠውን ቁርጭምጭሚቷን አየና ተወው። አንድ ሰው ይህን ያህል ዓመት ደብቆ የያዘው ደግነት፣ በአንድ እራት ላይ ተጎትቶ የሚወጣ አልመሰለውም።

ታምሲን ግን የእሷን ነገር አላሳደረችም። «እማዬ፣ ሆባርትን ትቼዋለሁ። አርብ ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

ግሌንዳ ሹካዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ብዙ ነገር አለፈ፤ ሮይስ ሁሉንም አየው። መጀመሪያ የመጣው ቁጣ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ነገር ተካው።

«አርብ? እና እስካሁን ብቻሽን ይዘሽው ነበር?»

«ታዝኚያለሽ ብዬ።»

«አዝኛለሁ። አላዘንኩም ብልሽ ውሸት ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ።» የልጇን ፀጉር ከፊቷ ላይ ገለል አደረገችላት። «ግን ሽማግሌ ከአልጋ ስታነሺ ሳስብሽ፣ አንቺ ራስሽ ከሽማግሌው በፊት ስትወድቂ ነው የሚታየኝ። አሁን ብዪ፤ ይቀዘቅዛል።»

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨው ማስቀመጫው አጠገብ፣ የዳሪል ስም በራ። ሮይስ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው፤ ዳሪልም ለመጮህ ፋብሪካ የማያስፈልገው ሰው ስለሆነ ሁሉም ሰሙት።

«አማቼ! በል ቶሎ ንገረኝ፤ የልጅቷ ጫማ ቁጥር ስንት ነው? የደኅንነት ጫማ ነገ ማስወጣት አለብኝ። ረቡዕ ጠዋት ትጀምራለች።»

ታምሲን የድንቹን ቁራሽ እንደያዘች ቀረች።

«ዳሪል፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጠው» አለ ሮይስ።

«ምን? አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ‹እሺ ትላለች› ያልከኝ?»

«ብያለሁ። ሳልጠይቃት ነው ያልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ሆባርት ልትሄድ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

ሮይስ ልጁን አየ። እሷም አየችው፤ እንዲያግዛት አልለመነችም። ይህን ጥያቄ እሱ ራሱ ከአንድ ሰዓት በፊት መኪና ውስጥ ጠይቋል።

«አላውቅም» አለ።

«እንዴት አላውቅም ትላለህ? አባቷ አይደለህ?»

«አባቷ ነኝ። አላውቅም። እሷም ገና አላወቀችም። ሥራ ከፈለገች ራሷ ትደውልልሃለች፤ ቁጥርህ አላት።»

«ይሄ ነገር አልገባኝም፣ ሮይስ። አንድ ሰው ይህችን ልጅ ሊያናግራት—»

«ዳሪል፣ እራት ላይ ነን። ደግሞ... አመሰግናለሁ። ለዚህ ብቻ አይደለም።»

«ለምን ታዲያ?»

«ሌላ ቀን እነግርሃለሁ።»

ዘጋው። ግሌንዳ ኮምጣጤውን ልታነሳ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቆሞ ነበር። ባሏን አንዴ፣ ልጇን አንዴ አየች፤ አንድ ነገር እንደተነጋገሩ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

«የቤት ድርሻ ግን ትከፍያለሽ» አለ ሮይስ ወደ ታምሲን በሹካው እያመለከተ። «ከዳቦ ቤቱ ደሞዝ። ብዙ አይደለም። ግን ትከፍያለሽ።»

«እሺ።»

«ቅዳሜም የአዳራሹን ጓሮ ሳር ላጭድላቸው ነው፤ ወይዘሮ ኦድሪን ይቅርታ ልጠይቅ። አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

«እሺ አባዬ።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዳሪል ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚረታ ሰው አይደለም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጨው ማስቀመጫው ተጠጋ። ሮይስ ትንሽ አየው። ከዚያ በግንባሩ ደፋውና ድንቹን ወደ ልጁ ገፋ አደረገላት።